አሥር ማሽን፣ አንድ ሰርቨር፦ ካውንተር ስትራይክ 2ን በፌዶራ ሊኑክስ ለግጥሚያ ማዘጋጀት

ሥራው ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ አምስት ለአምስት ለሚደረግ ግጥሚያ አሥር የመጫወቻ ኮምፒውተሮችንና አንድ ሰርቨር ማሰናዳት፤ ሁሉም በፌዶራ (ከሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዓይነቶች አንዱ)፣ ኬዲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ፣ አንድም ዊንዶውስ ሳይገባ። ማስታወሻው በየቀኑ የተሠራውን ይከተላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ። የትኛው ጨዋታ?

ሊኑክስ ላይ ውድድር ሲታሰብ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የማሽኑ ጉልበት ሳይሆን የጨዋታው ጸረ-ማጭበርበር ፕሮግራም ነው። የስቲም ባለቤት የሆነው የቫልቭ ኩባንያ ፕሮግራም ፕሮቶን ከ2018 ጀምሮ ብዙ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን ሊኑክስ ላይ እያስኬደ ነው። ኢዚ አንቲ-ቺትና ባትልአይ የሚባሉት ጸረ-ማጭበርበር ፕሮግራሞችም ከ2021 ወዲህ ከፕሮቶን ጋር ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ማብሪያው በጨዋታው አሳታሚ እጅ ነው፤ ካላበራው አይሠራም፣ አብርቶም መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። ኤፔክስ ሌጀንድስ እስከ ኦክቶበር 2024 መጨረሻ ድረስ ይከፈት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሊኑክስ ተዘጋ። ቫሎራንት ከመጀመሪያውም አይሞከርም፤ ቫንጋርድ የሚባለው ጠባቂው በዊንዶውስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ የሚቀመጥ ድራይቨር ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በሜይ 2024 ቫንጋርድ ሲገባበት በዚያው ምክንያት ከሊኑክስ ተለየ። ፎርትናይትም አይሠራም። እነዚህን በመሸወጃ መንገድ ለማስከፈት መሞከር አካውንትን ለእገዳ ማጋለጥ ነውና ለውድድር ፈጽሞ አይታሰብም።

አስተማማኙ ምርጫ ለሊኑክስ ራሱ የተሠራ ጨዋታ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ከነሊኑክስ ሥሪቱ ነው፤ ቩልካን በሚባለው የግራፊክስ ሥርዓት ይሠራል፣ ቫክ የሚባለው ጠባቂውም ከርነል ውስጥ አይገባም። ዶታ 2 ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የሊኑክስ ሥሪት አለው። አንድ ገደብ ግን ከወዲሁ ለተወዳዳሪዎች መነገር አለበት፦ ፌስኢት የሚባለው የኢንተርኔት ውድድር መድረክ የራሱ ጸረ-ማጭበርበር ፕሮግራም የሚጠይቀው ዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ ሊግ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ቡድን በእነዚህ ማሽኖች አይችልም። በአዳራሽ ውስጥ፣ በራስ ሰርቨር፣ ዳኛ ከኋላ ቆሞ ለሚደረግ ግጥሚያ ግን የሚጎድል ነገር የለም።

ማክሰኞ። ማሽን፣ መብራት፣ ገመድ

አሥሩም ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አላቸው። ስምንቱ ራዲዮን አርኤክስ 6600፣ ሁለቱ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ይዘዋል። ደካሞቹን ሁለቱን ለአንድ ቡድን መስጠት አድልዎ ነው፤ ለየቡድኑ አንድ አንድ ይደርሳል።

ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት እንጂ አንድ ባለ 16 መሆን የለበትም። ካውንተር ስትራይክ 2 ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ፕሮሰሰሩንና ራሙን የሚያጨናንቅ ጨዋታ ነው። ራሙ በአንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ አማካዩ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ደህና መስሎ ይታያል፤ ጭስና ቦምብ በበዛበት ቅጽበት ግን ምስሉ ይንገጫገጫል። ሁለቱ የራም ቁራጮች በቦርዱ ላይ ባለው ምልክት መሠረት መሰካት አለባቸው (አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ነው)፤ ባዮስ (የቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥም ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያስኬደው ኤክስኤምፒ ይበራል። ኤክስኤምፒ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል፣ ማንም ሳያውቀው።

መብራቱ ቀላል ስሌት ነው። አንድ ማሽን ከነስክሪኑ በጨዋታ ሰዓት ወደ 280 ዋት ይወስዳል እንበል፤ አሥሩ 2800 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 12.7 አምፔር ይሆናል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይችለዋል፤ የሰርቨሩ፣ የዩፒኤሶቹና የድምፅ ማጉያው ሲጨመር ግን ጠርዝ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለሁለት የተለያየ መስመር ተከፈለ፣ አምስት አምስት። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ መቀጠል የተከለከለ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀልጠው የመካከለኛው ሶኬት ነው።

ዩፒኤስ ለሁሉም ካልተገኘ ቅድሚያው ለሰርቨሩ፣ ለስዊቹና ለራውተሩ ነው። ምክንያቱ በዓርቡ ማስታወሻ ላይ ይመጣል።

ስዊቹ ባለ 16 ቀዳዳ ጊጋቢት ነው፤ አሥር ተጫዋች፣ ሰርቨርና ራውተር ሲደመር 12 ስለሚሆን ባለ 8ቱ አይበቃም፣ ሁለት ባለ 8 ማያያዝ ደግሞ ተጨማሪ የብልሽት ነጥብ መፍጠር ነው። ገመዶቹ ስምንቱም ሽቦዎች መያያዛቸው አንድ በአንድ ታየ። አራት ሽቦ ብቻ የተሰካ አሮጌ ገመድ ሳያስታውቅ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ለጨዋታው ለራሱ 100 ይበቃል፤ የጨዋታውን ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን ለመገልበጥ ግን አይበቃም። የመስመሩን ፍጥነት በኔትወርክ ማሳያው ዝርዝር ውስጥ ማንበብ ይቻላል፤ 1000 ካላለ ገመዱ ይቀየራል። ዋይፋይ ጭራሽ አልተበራም።

ረቡዕ ጠዋት። ፌዶራና ድራይቨር

የፌዶራ ኬዲኢ እትም በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ተጻፈ። ከተጫነ በኋላ የሦስተኛ ወገን ማከማቻዎች ይበራሉ፣ ሙሉ ዝማኔ ይደረጋል፣ ከዚያ ስቲም (ጨዋታዎች የሚወርዱበትና የሚከፈቱበት ፕሮግራም) አርፒኤም ፊውዥን ከሚባለው ማከማቻ ይጫናል። ፍላትፓክ በሚባለው አሠራር የታሸገው ስቲምም ይሠራል፤ ነገር ግን በራሱ ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ የመለኪያ ፕሮግራሞችንና ጌምሞድን (በጨዋታ ሰዓት ማሽኑን ለጨዋታው የሚያመቻች ፕሮግራም) ለማገናኘት ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ለአሥር ማሽን ያ ሥራ አያዋጣም።

የራዲዮን ካርዶቹ ምንም አይፈልጉም፤ ድራይቨራቸው ከከርነሉና ሜሳ ከሚባለው የግራፊክስ ላይብረሪ ጋር አብሮ ይመጣል። ለጂቲኤክስ 1060ዎቹ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ እነሱ ያሉበት የፓስካል ትውልድ ካርዶች የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅርንጫፍ 580 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሥሪት ካርዱን አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የአርፒኤም ፊውዥኑ ድራይቨር በማሽኑ ላይ ራሱን ይገነባል። ጭነቱ አለቀ ብሎ ወዲያው ሪስታርት ያደረገ ሰው ግንባታውን ያቋርጠዋል፤ ማሽኑም ኑቮ በሚባለው ክፍት ምንጭ ድራይቨር ይነሳል ወይም ጥቁር ስክሪን ያሳያል። አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅና የተገነባው የድራይቨር ሞጁል መኖሩን በተርሚናል ካረጋገጡ በኋላ ማስነሳት ነው። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) በርቶ ከሆነ የፊርማ ቁልፉን ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው የሞክ (MOK) ገጽ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ካልተመዘገበ ከርነሉ ሞጁሉን አይቀበለውም። እዚህ ለሁለቱ ማሽኖች ሴኪዩር ቡት ጠፋ፤ ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው።

ኤስኤስዲው ላይ የቆየ የዊንዶውስ ክፍልፍል ካለ የስቲም ላይብረሪን እዚያው ትቶ መጠቀም የሚያጓጓ ነገር ነው። አይደረግም። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ላይ የሊኑክስ የፋይል ፈቃዶችና ማያያዣዎች በትክክል ስለማይቀመጡ ጨዋታዎች ተጫኑ ብለው አይከፈቱም፤ ፕሮቶን ደግሞ ይባስ ያስቸግራል። ዲስኩ በሙሉ ጠፍቶ በሊኑክስ ተቀረጸ።

ረቡዕ ማታ። ጨዋታውን አንዴ አውርዶ ለአሥር ማዳረስ

ጨዋታው ወደ 60 ጊጋባይት ነው። አሥር ጊዜ ማውረድ 600 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለእኛ አገር ኢንተርኔት ይህ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ስቲም ከ2023 ጀምሮ በአካባቢ ኔትወርክ ፋይል ማስተላለፍ አለው፤ በቅንብሩ የማውረጃ ገጽ ላይ ይገኛል። አካውንቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ «ከማንም» የሚለው ምርጫ በሁሉም ማሽን ላይ ይበራል፤ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። የእሳት ግድግዳው (ፋየርዎል) የቲሲፒ 27040ንና የዩዲፒ 27036ን ወደቦች (ፖርት) ማሳለፍ አለበት። ፋይሉ በውስጥ መስመር ቢሄድም ስቲም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱ ግድ ነው።

ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ በወረቀት ላይ አንዱ ቅጂ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። በተግባር ይረዝማል፣ ምክንያቱም ስቲም ፋይሉን እየጨመቀና እያጣራ ነው የሚልከው። በ100 ሜጋቢት ቢሆን ኖሮ ያው ቅጂ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የማክሰኞው የገመድ ፍተሻ የተደረገው ለዚህ ነው። ዘጠኙን ማሽን በአንዴ ከአንዱ ማስቀዳት የዚያን ማሽን መስመር ያጣብበዋል። መጀመሪያ አንዱ ለአንዱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ለሁለት፣ ከዚያ አራቱ ለአራት፣ በመጨረሻም ለቀሩት ሁለቱ ቢባል ይፈጥናል።

ማስተላለፉ ካልጀመረና ስቲም ከኢንተርኔት ማውረድ ከቀጠለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሥሪት ልዩነት ነው፤ ምንጩ ማሽን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ መዘመን አለበት።

ሐሙስ ጠዋት። ስክሪን፣ ፍሬም፣ ማውስ

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ ረጅሙን ጊዜም የወሰደው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የስክሪኑ የእድሳት መጠን ነው። ባለ 144 ኸርዝ ስክሪን በ60 ተነስቶ ሊገኝ ይችላል። በ60 አንድ ምስል በየ16.7 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ በ144 በየ6.9። ተጫዋቹ «ከብዶኛል» ከማለት ሌላ የሚለው አይኖረውም፤ ማሳያ ቅንብሩን የሚከፍት ዳኛ ግን ወዲያው ያገኘዋል። ገመዱ ዲስፕሌይፖርት ይሁን። ለ1080 ነጥብ 144 ኸርዝ ደህና ኤችዲኤምአይም ይበቃል፤ ነገር ግን የኤችዲኤምአይ ፎረም የ2.1 ደረጃ በኤኤምዲ ክፍት ምንጭ ድራይቨር ውስጥ እንዳይገባ በ2024 ስለከለከለ ነገ ትልቅ ስክሪን ሲመጣ ችግር የሚፈጥረው እሱ ነው። ከአሁኑ መልመድ ይሻላል።

ቀጥሎ መዘግየት። ዌይላንድ በሚባለው የማሳያ ሥርዓት ዴስክቶፑ እያንዳንዱን ፍሬም ከስክሪኑ እድሳት ጋር አሰልፎ ስለሚያሳይ ምስሉ አይቀደድም (የሁለት ፍሬም ቁራጭ በአንዴ አይታይም)፤ በምትኩ እስከ አንድ እድሳት የሚደርስ መዘግየት ይጨምራል። የኬዲኢው ዴስክቶፕ ፕላዝማ 6 ሙሉ ስክሪን ለያዙ ፕሮግራሞች መቀደድን የሚፈቅድ ምርጫ በማሳያ ቅንብሩ ውስጥ አለው፤ ይበራል። ጨዋታው ውስጥ ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ እድሳት ጋር የሚያሰልፈው ቅንብር) ይጠፋል፣ ጨዋታውም በመስኮት ሳይሆን በሙሉ ስክሪን ይከፈታል። ሌላው መንገድ ተለዋዋጭ እድሳትን (ስክሪኑ ፍሬሙን ተከትሎ የሚታደስበትን) አብርቶ ፍሬሙን ከ144 ትንሽ ዝቅ አድርጎ ለምሳሌ 141 ላይ መገደብ ነው። ያ ለዓይን ይለሰልሳል። ለግጥሚያ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱን ማቀላቀልና በየማሽኑ የተለያየ ማድረግ ግን አይገባም።

የፍሬም ገደቡ በኮንሶል «ኤፍፒኤስ ማክስ» በሚለው ትእዛዝ ይሰጣል። ቁጥሩ በግምት አይመረጥም። ማንጎሃድ በሚባለው መለኪያ ፍሬም ታይሙን (እያንዳንዱ ፍሬም የሚወስደውን ጊዜ) እየቀዱ፣ ደካማው ማሽን ላይ ከአሥር ቦት (በኮምፒውተር የሚመራ ተጫዋች) ጋር ሙሉ ግጥሚያ ይሮጣል። የሚታየው አማካዩ ሳይሆን ከታች ያለው 1 በመቶ፣ ማለትም ጨዋታው በጣም በዘገየባቸው ቅጽበቶች ያለው የፍሬም ቁጥር ነው። እሱ 170 ከሆነ ገደቡ ለአሥሩም 160 ይሆናል። ገደብ የሌለው ፍሬም በአማካይ ጥቂት ቀድሞ ይደርሳል፤ ዳሩ ግን አንዴ 300 አንዴ 170 ሲሆን የእጅ ልማድ ይናጋል፣ በሁለቱ ዓይነት ካርዶች መካከል ያለውም ልዩነት ይሰፋል። እኩልነት ለሚፈልግ ውድድር የተረጋጋ 160 ይሻላል። የሜኑው ፍሬም ደግሞ በ60 ይገደባል፤ ካርዱ በከንቱ እንዳይግል። ከልኬቱ በኋላ ማንጎሃድ ከማስጀመሪያ አማራጮቹ ይወጣል። በግጥሚያ ሰዓት ከጨዋታው ጋር የሚጣበቅ ማናቸውም ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም። በ2023 የኤኤምዲ አንቲ-ላግ ፕላስ በዊንዶውስ ላይ የጨዋታውን ፋይሎች እየነካ ሰዎችን በቫክ እንዳሳገደ መርሳት አይገባም።

የኃይል ቅንብሩ «ፐርፎርማንስ» ላይ ይደረጋል፤ ጌምሞድ በማስጀመሪያ አማራጮች ይጨመራል። ባሉ (Baloo) የሚባለው የኬዲኢ ፋይል ጠቋሚ ይጠፋል፣ አለበለዚያ በመሀል ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ስለ ልዩ ከርነሎች ብዙ ይባላል። አቋማችን ግልጽ ነው፦ የፌዶራው ከርነል ይበቃል። አሥር ማሽን ላይ ከውጭ የመጣ ከርነል መጫን በግጥሚያው ዋዜማ የድራይቨር ችግር መጥራት ነው፤ ከራም ቻናልና ከስክሪን እድሳት የሚገኘውን ያህል ጥቅምም አያስገኝም። አንድ ነገር ቀይሮ መለካት፣ ካልረዳ መመለስ፤ ሁለት ነገር በአንዴ መቀየር የለም።

ማውስ፦ በሲስተም ቅንብሩ የማፋጠኛ ዓይነቱ «ፍላት» (ማፋጠን የሌለው) ይሆናል። ርካሽ ማውስ በ125 ኸርዝ፣ ማለትም በየ8 ሚሊሰከንድ ነው የሚናገረው። ስክሪኑ በየ6.9 ስለሚታደስ አንዳንዱ ምስል አዲስ የማውስ መረጃ ሳይዝ ያልፋል፤ ዒላማው የሚዘልል የሚመስለው ለዚህ ነው። 1000 ኸርዝ ያለው ማውስ በየ1 ሚሊሰከንድ ይልካል። ፓይፐር የሚባለው ፕሮግራም በሚደግፋቸው ማውሶች ላይ የመላኪያ መጠኑንና ዲፒአዩን (የማውሱን የእንቅስቃሴ ስሜት መጠን) በማውሱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚጽፍ ተጫዋቹ ማሽን ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ካርታ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንዴ ከቦት ጋር ይከፈታል። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ ሼደር (ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን የሚሥልበት ትንሽ ፕሮግራም) ሲዘጋጅ ነው፤ ያ ግጥሚያው ላይ እንዳይሆን አስቀድሞ ይለቅ። ስቲም ሼደሮችን እያዘጋጀ ሳለ «ዝለል» የሚለውን መጫን አይፈቀድም።

ሐሙስ ከሰዓት። ኪቦርድ

የአማርኛ መጻፊያ ለተጫነበት ማሽን ልዩ ፍተሻ አለ። ፍሲቲኤክስ 5 (Fcitx 5) የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ቋንቋ የሚቀይርበት ነባር አቋራጭ ኮንትሮልና ስፔስ ነው። በካውንተር ስትራይክ ኮንትሮል ማጎንበሻ፣ ስፔስ መዝለያ ነው፤ ሳጥን ላይ ለመውጣት ሁለቱ አብረው ይጫናሉ። ተጫዋቹ በዘለለ ቁጥር ቋንቋው ይቀየራል፣ አንዳንዴም መጫኑ ጨዋታው ዘንድ አይደርስም። አይባስ (IBus) የሚባለው ሌላው የመጻፊያ ፕሮግራም ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስን ይጠቀማል። መፍትሔው በግጥሚያ አካውንቱ ላይ የመጻፊያ ዘዴውን ጭራሽ ማጥፋትና የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ብቻ መተው ነው።

የዊንዶውስ ቁልፍ ሜኑ መክፈቱም መቆም አለበት። ኬዲኢ በመስኮት ደንቦች ውስጥ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ አጠቃላይ አቋራጮችን ችላ የሚያስብል ምርጫ አለው፤ ለጨዋታው መስኮት በግዴታ ይበራል። በዚያው ማስታወቂያዎችና የስክሪን መተኛት ይጠፋሉ።

ዓርብ። ሰርቨሩ

ሰርቨሩ ተጫዋች የማይነካው የተለየ ማሽን ነው። ሰርቨሩን የሚያወርደውና የሚያዘምነው ስቲምሲኤምዲ (በትእዛዝ የሚሠራ ስቲም) ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ስለሆነ በ64 ቢት ፌዶራ ላይ የ32 ቢት ላይብረሪዎች ካልተጨመሩ «ፋይሉ የለም» የሚል አሳሳች መልእክት ይሰጣል፤ ፋይሉ አለ፣ የጎደለው ላይብረሪው ነው። ለሰርቨሩ የራሱ ተጠቃሚ ይፈጠራል፤ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ማስኬድ አይገባም። የጨዋታው ቁጥር 730 ነው፣ ያለ ስም መግባትም ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ማስነሻ ስቲምክላየንት የተባለውን ላይብረሪ አላገኘሁም ካለ፣ ከስቲምሲኤምዲ ማህደር ወደ ተጠቃሚው ድብቅ የስቲም ማህደር፣ ኤስዲኬ64 ወደሚባለው ንዑስ ማህደር ማያያዣ መሥራት ነው።

ሰርቨሩ በላን (የውስጥ ኔትወርክ) ሁነታ፣ በኮምፒቲቲቭ ደንብ ይነሳል። ወደቡ 27015 ነው፤ ለተመልካች ማስተላለፊያው ዩዲፒ 27020። ሁለቱም በእሳት ግድግዳው ይከፈታሉ። የሰርቨሩ አድራሻ በራውተሩ ላይ ቋሚ ይደረጋል፤ ሪስታርት ሲደረግ ተቀይሮ ተጫዋቾች ባዶ ቦታ እንዳይፈልጉ።

አሁን የዩፒኤሱ ነገር። ሰርቨሩ በየዙሩ መጀመሪያ ውጤቱንና የቡድኖቹን ገንዘብ በፋይል ያስቀምጣል። መብራት ቢጠፋና ሰርቨሩ በዩፒኤስ ላይ ከቆየ ዳኛው ግጥሚያውን ያቆማል፤ ማሽኖቹ ሲነሱ ተጫዋቾች ተመልሰው ይገባሉ፣ የመጨረሻው ዙር ከፋይሉ ይጫናል። ሰርቨሩም ቢጠፋ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ነው፤ መቀጠል ይቻላል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። የፋይሎቹ አወጣጥና አጫጫን ከግጥሚያው በፊት በተግባር ተሞከረ፦ በመሀል የአንድ መስመር ብሬከር ተወርዶ። ይህን ልምምድ መዝለል አይገባም፤ ዳኛው ትእዛዙን የሚፈልገው አሥር ሰው እያየው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት። ድምፅና ዝማኔ

የፌዶራው የድምፅ ሥርዓት ፓይፕዋየር በነባሪ 1024 የድምፅ ናሙና በአንዴ ያስተናግዳል፤ በ48000 ሲካፈል 21 ሚሊሰከንድ ነው። ወደ 256 ሲወርድ 5.3 ይሆናል። የእግር ኮቴ ለሚያዳምጥ ተጫዋች ልዩነቱ ዋጋ አለው። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ግን ወደ 512 ይመለስ፤ 10.7 ሚሊሰከንድ ጥሩ መካከለኛ ነው። ባለ አንድ ጫፍ ሄድፎን ለማይክና ለድምፅ የተለያየ ቀዳዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ መንታ መለያያ ይፈልጋል፤ አሥር ተገዝቶ ይቀመጥ። ብሉቱዝ ሄድፎን አይገባም፤ ማይኩ ሲበራ ድምፁ ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል፣ መዘግየቱም ይታወቃል።

የዝማኔ ቅደም ተከተል፦ የፌዶራ ዝማኔ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ቆሟል። የጨዋታው ግን በእጃችን አይደለም። ቫልቭ አዲስ ሥሪት ካወጣ ስቲም የተጫዋቾቹን ማሽን በራሱ ያዘምናል፣ ሰርቨሩ ግን ባለበት ይቀራል፤ ከዚያ «ሥሪቱ አይመሳሰልም» ይልና ማንም አይገባም። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ ሰርቨሩ በስቲምሲኤምዲ ይዘመናል፣ ቀጥሎ አንድ ማሽን፣ ከእሱ ሌሎቹ በውስጥ መስመር። ከዚያ ሁሉም ገብተው አንድ የመሞቂያ ዙር ይጫወታሉ፤ ዳኛው በጨዋታው የቴሌሜትሪ ማሳያ የፍሬም ታይሙን፣ የፒንጉንና የጠፋ ፓኬት ቁጥሩን በየስክሪኑ ያነባል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የጠፋ ፓኬት ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ከታየ ገመዱ ወይም የስዊቹ ቀዳዳ ነው፤ ሁሉም ላይ ከታየ ሰርቨሩ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈለግ። በጨዋታ ሰዓት ማውረድ የሚፈቅደው የስቲም ምርጫም በአሥሩም ላይ መጥፋቱ ይረጋገጣል።

ቀጣዩ ሥራ ዶታ 2ን በእነዚሁ ማሽኖች ላይ መጫን ነው። የስክሪን፣ የማውስና የድምፅ ቅንብሩ እንዳለ ይቀጥላል፤ የፍሬም ገደቡ ግን በአሥር ጀግኖች የቡድን ፍልሚያ ላይ እንደ አዲስ ይለካል።